የበቅሎዋ ክፍለ ጦር

እኔ የምሰበስበው የጦር አርማ ነው፤ በባለቤቴ አጠራር ደግሞ ጨርቅ። ወታደር በክንዱ ወይም በትከሻው ላይ የሚሰፋት፣ የየትኛው ጦር ልጅ እንደሆነ የምትናገር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቁራጭ። ሃያ ዓመት ሰብስቤ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቻለሁ። አንበሳ ያለባቸው የንጉሡ ዘመን ናቸው፤ ኮከብ ያለባቸው የደርግ። አንበሳም ኮከብም የሌለባቸው ሦስት አሉ፤ ከእነሱ አንደኛዋ የእግር ኳስ ቡድን መለያ መሆኗን በቅርቡ ደርሼበታለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእኔ ሌላ ይህን የሚሰበስብ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ከከተማው ሰብሳቢዎች አንደኛ ነኝ፤ ስለዚህም ጭራ ነኝ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ልብስ ስፌት ሊጀምር ነው ብለው ነበር። ቀጥሎ «ያመዋል» አሉ። አሁን ለምደውኛል። እንዲያውም የልጆቻቸው የደንብ ልብስ ሲያረጅ የትምህርት ቤቱን አርማ ቀደው ያመጡልኛል፤ እምቢ ማለት ስለማልችል ለእሱ ሌላ ቆርቆሮ ከፍቻለሁ። ባለቤቴ በበኩሏ እንግዳ ሲመጣ «ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ያደርገዋል» ትላለች። ጡረታ ልወጣ ስድስት ዓመት ይቀረኛል፤ ጋቢው ግን ከአሁኑ ይታየኛል፤ ፊቱ አንበሳ፣ ጀርባው ኮከብ፣ ለሠርግም ለለቅሶም የማይሆን።

አያቶቻችን ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። አንበሳ የገደለ ጎፈር ያደርጋል፤ መኳንንቱ ለምድ ይደርባል፤ ታላላቆቹ ደግሞ በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ጎፈር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም፤ የፈረስ ስምም አይሰፋም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሥራ የተገኘው ጦሩ ሸሚዝ መልበስ ሲጀምር ነው። ይህን የፈረስ ስም ነገር ግን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቡሬ የሄድሁት ለበርበሬ ነበር። ባለቤቴ ቡሬ እያለ ከሌላ ቦታ በርበሬ አይገዛላትም። ከእኛ ከተማ በሚኒባስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ በማንኩሳ ያልፋል። በማንኩሳ ባለፍሁ ቁጥር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በዛብህን እፈልጋለሁ። በዚያ ቀንም አልነበረም።

ገበያው ዳር፣ የጋማ ከብት ከሚታሰርበት፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ቆማለች። ኮርቻዋ ላይ ያረጀ አረንጓዴ ግላስ ተደርቧል። በግላሱ ጎን፣ ከእርካቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቀይ ክብ ተሰፍታለች፤ መካከሏ ላይ ከላይና ከታች የሰፋ፣ ወገቡ የቀጠነ ጥቁር ነገር አለ። ልቤ ቀጥ አለ። የሃያ ዓመት ሰብሳቢ አርማን በጠረኑ ያውቃል፤ ምንም እንኳ በዚያ ሰዓት የሚሸተኝ በቅሎዋ ብትሆንም።

አንድ ጊዜ ዞርኋት። ጎንበስ ብዬ አየሁና ደግሜ ዞርኋት። በገበያ ቀን የሰው በቅሎ ሁለት ጊዜ የዞረ ሰው ወይ ገዥ ነው ወይ ሌባ ነው። በእጄ የያዝሁት የበርበሬ ከረጢት ስለሆነ ገዥ አልመስልም።

«ምን ጎደላት?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ናቸው።

«በቅሎዋን አይደለም አባቴ። ይቺን ጨርቅ ነው የማየው።»

«ጨርቋስ ምን ጎደላት?»

«ይሽጡልኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ጨርቋን አዩ፤ እኔን አዩ፤ በቅሎዋንም አማከሩ መሰለኝ እሷንም አዩ። «እሷ ከተነሣች ግላሱ ቀዳዳ ነው። አይጥ በልቶት ነው የለጠፍኋት» አሉ።

«እንግዲያው ግላሱን ልግዛዎት።»

«እኔስ በእርጅናዬ በባዶ ኮርቻ ልቀመጥ?»

«ኮርቻውንም ቢሆን…»

«ኮርቻ የሌላት በቅሎ ለምኔ ናት?»

በዚህ ዓይነት እየተጎተትሁ በቅሎ ተራ ደረስሁ። የበቅሎዋን ዋጋ ሲነግሩኝ የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ በሆዴ አሰላሁና ዝም አልሁ። ዝም ስል ደግሞ ሽማግሌው አዘኑልኝ። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የበርበሬውን ብር እከፍላለሁ፣ ጨርቋን እወስዳለሁ፣ እኩያዋን አምጥቼ ግን ቀዳዳውን እደፍናለሁ። «ባዶውን አይክረም፤ በቅሎዋ ታፍራለች» አሉኝ። በምላጭ ፈትተው ሰጡኝ። ባዶ ከረጢቴን አጣጥፌ ተመለስሁ።

ባለቤቴ ከረጢቱን አየች፤ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለችውን አየች። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠጋቻት። «መሶብ ነው» አለች። «በርበሬ ግዛ ብዬ ብልከው የመሶብ ሥዕል ገዝቶ መጣ።»

መሶብ መምሰሉን እኔም አልካድሁም። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ሰርጎድ ያለ ጥቁር መሶብ፣ በቀይ ሜዳ ላይ። ግን የትኛው ጦር ነው መሶብ ይዞ የሚዘምተው? (ሁሉም ጦር መሶብ ይዞ ነው የሚዘምት ሊል የሚችል አለ፤ ትከሻው ላይ ግን አይሰፋውም።)

ጎረቤቶቼ ያለ አንዳች ጥርጥር «የጣሊያን ነው» አሉ። በእኛ አገር ያረጀ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው፤ ከዚያ ካረጀ የፖርቹጋል፤ ከዚያም ካረጀ ግራኝ ያፈረሰው። ለቡሬ ሲሆን ግን ነገሩ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ነበረው። በ1933 ዓ.ም. ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን ጌድዮን የሚለውን ጦሩን ይዞ ከሱዳን በኩል ሲመጣ፣ የጎጃም አርበኞችም በየበኩላቸው ሲያስጨንቁት፣ ጣሊያን ቡሬን ለቆ በዚሁ እኔ በሚኒባስ በምመላለስበት መንገድ ወደ ደንበጫ አፈገፈገ። አንዳንድ ሌሊት ይህን እያሰብሁ አርማዋን ከአንድ የባንዳ ትከሻ ላይ ስፈታት አድር ነበር። ነገር ግን አስካሪ የሚባለው የጣሊያን ቅጥር ወታደር ሻለቃው የሚለየው በወገቡ መቀነትና በቆቡ ዘርፍ ቀለም ነው። ጌድዮንም ቢሆን ብዙ ይዞ የመጣው ግመል ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ግመል ከሱዳን ተነሥቶ ደጋው ላይ አለቀ። ግመል አርማ ቢያደርግ ኖሮ የእኔ ቆርቆሮ አይበቃም ነበር።

ከዚያ ወደ የኔታ ሄድሁ። ጎጃም ተቀምጦ የማይገባ ነገር ያጋጠመው ሰው ቅኔ ቤት ካልሄደ ወዴት ይሄዳል? የኔታ ጨርቋን በመዳፋቸው አስቀምጠው ብዙ ቆዩ።

«ሰሙ መሶብ ነው» አሉ። ባለቤቴ ብትሰማ ኖሮ የዓመት ኩራት ይበቃት ነበር። «ወርቁ ጦር ነው። ወታደሩ ደሙን አፍስሶ የሚጠብቀው መሶቡን ነውና፣ ደሙን ዙሪያውን አደረገው።» ገለበጧት። እንደገና ገለበጧት። «ታችና ላይ የላትም። ይኼ ሰው አዋቂ ነው፤ ማነው ያልኸኝ ባለቅኔው?»

ባለቅኔውን ያገኘልኝ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጨርቋን ረስቼ ከመዝገቡ ጋር ክፍል ይዣት ገብቼ ኖሮ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን አስግጎ «ቲቸር፣ ሁለት ሰባት ነው» አለኝ። ቾክ ሰጠሁት። አንድ 7 ጻፈ፤ በላዩ ላይ ሌላ 7 እግሩን ወደ ሰማይ አዙሮ ጻፈ፤ ክፍት የቀረውን በቾክ ሞላው። መሶቡ ብቅ አለ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ፤ የዚያን ቀን ትምህርት በዚሁ አለቀ። በኋላ ለየኔታ ብነግራቸው «በግእዙ ፯ ጽፈውት ቢሆን መሶብ አይወጣውም ነበር» ብለው ቅር እያላቸው ተቀበሉ።

አዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ ወዳጅ አለኝ፤ የእሱ ስብስብ የውጭ አገሩንም ይጨምራል። ፎቶዋን በቴሌግራም ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር። አሜሪካ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «ኮርያ።»

ያን ሌሊት ማን ይተኛል! ቃኘው ሻለቃ! በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተመርጦ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ እዚያ ሲደርስ የተመደበው ከዚሁ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ ከ3,000 በላይ ሰው ዘመተ፤ ከ120 በላይ ወደቀ፤ ከ500 በላይ ቆሰለ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በረዶ አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ የኮርያን ክረምት በምን ቻለው እያልሁ፣ ብርድ ልብሴን ወደ እኔ ብስበው ባለቤቴ መልሳ ሳበችው።

ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ቃኘው የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን በፈረሳቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር፤ ጃንሆይ ኮርያ የሚዘምተውን ሻለቃ በአባታቸው ፈረስ ሰየሙት። በኋላ ኮንጎ የሄደውን ብርጌድ ደግሞ በራሳቸው ፈረስ ጠቅል አሉት። ጦሩ ሸሚዝ ለብሶ፣ መርከብ ተሳፍሮም፣ ፈረሱ አልቀረም። እንግዲህ አስቡት፤ በፈረስ ስም የተጠራ ጦር ባሕር ተሻግሮ ሲዋጋ ቆይቶ፣ ከጎኑ የነበረው ክፍለ ጦር አርማ ቡሬ ገበያ በበቅሎ ጎን ላይ ተገኘ። ከዚህ የሚበልጥ ግኝት ለአንድ የክፍለ አገር ሰብሳቢ ይመጣል? ጠዋት ተነሥቼ ቆርቆሮውን ባዶ አደረግሁና እሷን ብቻዋን አስቀመጥኋት። ሌሎቹን ወደ ትምህርት ቤት አርማዎቹ አዛወርኋቸው።

ወዳጄ ግን ደወለ። «አትቸኩል» አለኝ። «ይቺ አርማ ከገብስ የበዛች ናት።»

ክፍለ ጦሩ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1917 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሉሺያን ደሴቶች ላይ ተዋግቷል፤ ኦኪናዋ ላይ ተዋግቷል። ከኮርያው ጦርነት በኋላም እስከ 1971 እዚያው ኮርያ ተቀምጧል። ከዚያ ካሊፎርኒያ ገብቶ እስከ 1990ዎቹ ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን እያንዳንዱ ወታደር በየሸሚዙና በየካፖርቱ ላይ ይቺኑ መሶብ ሰፍቷል። ወዳጄ ይህን ሲያነብልኝ መሶቦቹ በዓይኔ ላይ እንደ አንበጣ ይግተለተሉ ጀመር። ደግሞም ወደ እኛ አገር የምትመጣበት መንገድ ኮርያ ብቻ አይደለም አለኝ። አሜሪካኖች አስመራ ላይ ትልቅ ጣቢያ ነበራቸው፤ ስሙም በዚሁ ሻለቃ ቃኘው ጣቢያ ነው የተባለው። በእኛ አቆጣጠር ከ1945ቱ የሁለቱ አገሮች ውል ወዲህ ደግሞ አሠልጣኞቻቸውም ዕቃቸውም በሰፊው ገብቷል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሰው ሕመም እንደሚነግር ሐኪም፣ «ወይም ሰልባጅ ነው» አለኝ።

ሰልባጅ! እዚያው ከተማችን ሰልባጅ የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ሮጥሁ። አሳየሁት።

«እንዲህ ያለው በቦንዳ ውስጥ ይመጣል እኮ ጋሼ» አለኝ ምንም ሳይመስለው። «የወታደር ጃኬት ሲሆን አርማውን ፈትቼ ነው የምሸጠው። አርማ ያለውን ሰው ይፈራዋል።»

«አርማዎቹንስ የት ታደርጋቸዋለህ?»

«እጥላቸዋለሁ።»

ሃያ ዓመት! ከቤቴ ሦስት መቶ እርምጃ በማይርቅ ቦታ! ተደግፌ ቆሜ ውኃ ስጠኝ አልሁት። ከዚያ ወዲህ እንዳይጥል ተነጋግረናል፤ ሆኖም እስካሁን ያመጣልኝ የአንድ ሆቴል በረኛ አርማ ብቻ ነው።

ወዳጄ ግን መላ አላጣም። የጨርቅን ዕድሜ የሚያወጡ ሦስት ፈተናዎች አሉ አለኝ፤ የጠርዝ፣ የመብራትና የእሳት። በመብራቱ ጀመርሁ፤ ባልጀመር ይሻለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጥንቱ የጥጥ ክር በዚያ ሐምራዊ በሚመስለው መብራት ሥር ሲታይ ፈዞ ይቀራል፤ የዘመኑ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቦግ ይላል። ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራት ነው። ባንክ ሄጄ «ይቺን ጨርቅ መርምሩልኝ» ማለት ከበደኝ። ያ መብራት ሌላ የት አለ? ጭፈራ ቤት።

መምህር ነኝ፤ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ በጊዜ ገባሁ። አንዲት ልጅ የምጠጣውን ብትጠይቀኝ «መብራቱ መቼ ነው የሚበራው?» አልኋት። ሲበራ የአስተናጋጆቹ ሸሚዝ፣ የአንዱ ጠጪ ጥርስ፣ የእኔም ካልሲ ቦግ አለ። አርማዋን ገልብጬ ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁ። ነጩ የታችኛው ክር ከካልሲዬ በልጦ በራ።

አንገቴን ደፍቼ እዚያው ቀረሁ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተቀምጠዋል። ተያየን።

«እኔ… ጨርቅ ልመረምር ነው የገባሁት» አልሁ።

«እኔም ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ።

እስከዛሬ ያን ማታ አንዳችን ለአንዳችን አንሥተን አናውቅም።

በማግሥቱ ለወዳጄ «ሞቻለሁ፤ በራች» ብዬ ጻፍሁለት። «ታጥባለች?» ብሎ መለሰ። ኧረ እንዴት ትታጠባለች ልል ስል ከበስተኋላዬ ባለቤቴ «አጥቤልሃለሁ እኮ» አለች። «በቅሎ በቅሎ ብትሸተኝ ጊዜ ኦሞ ውስጥ አሳደርኋት። ምነው?» ለካ የልብስ ሳሙናው ዱቄት ውስጥም ያው የሚያበራው ቅመም አለ። ነጭ ልብስ ከነጭም ነጭ የሚመስለው በእሱ ነው፤ የነካውን ጥጥ ሁሉ ያበራዋል። አርማዋ አልዋሸችም፤ ሳሙናው ነው የመሰከረባት። እኔ ልቆጣ ነበር፤ ግን ንጹሕ ሆናለች፣ ቀዩም ፈክቷል፣ ሽታዋም የለም።

የቀሩትን ሁለት ፈተናዎች የጨረሰልኝ ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ በእግር ሲንጀር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። እንደ ወዳጄ አነጋገር አሮጌዎቹ አርማዎች ከጥልፋቸው አጠገብ እንዲሁ በመቀስ ተቆርጠው ይቀራሉ፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ገደማ ከተለመደው ማሽን የወጡት ግን ጠርዛቸው ዙሪያውን እንደ ገመድ ወፍሮ ይከፈፋል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ እንድነግረው አልጠበቀኝም። አውራ ጣቱን በዙሪያዋ አስኬደና «ኦቨርሎክ አልነካትም» አለ። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት ከጀርባዋ አንዲት ክር መዘዘና ክብሪት ጫረ።

«ምን ታደርጋለህ!»

«ጥጥ ናት» አለኝ እያሸተተ። «ወረቀት ወረቀት ትሸታለች። ናይለን ቢሆን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይድቦለቦል ነበር።» አመዱን እፍ አለው። የኮርያን ዘመቻ አንድ መቶኛ እፍ ያለው መሰለኝ። ዋጋ ስጠይቀው «ለክብሪቱ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ አርማዋ አሮጌ ናት፤ ጥጥ ናት፤ ለኮርያ ዕድሜዋ ይደርሳል። ዕድሜ መድረስ ግን መዝመት አይደለም። በዚያ ዘመን ዕድሜያቸው የደረሰና ከሰፈራቸው ያልወጡ ስንት አሉ! የቀረኝ አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስለ በቅሎ ስንከራከር መጠየቅ ረስቻለሁ።

ዕዳም ነበረብኝ። ወዳጄን ለምኜ አዲስ የተሠራች፣ ያቺኑ የምትመስል አርማ አስልኬ በሚቀጥለው ገበያ ወደ ቡሬ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ወጣት ቦርሳዬን ከፍቶ አወጣት።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

አንድ ወር ሙሉ ስለ እሷ ብቻ ሳወራ የከረምሁ ሰው ነኝ፤ የሚጠይቅ ሲገኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

«የ7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር አርማ ናት።»

«የማን ክፍለ ጦር?»

«የአሜሪካ።»

ሚኒባሱ ጸጥ አለ።

«እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«ሰብሳቢ ነኝ።»

«የክፍለ ጦሩ?»

«አይ፣ የጨርቁ። አሁን እንኳ ቡሬ ለአንዲት በቅሎ ልሰፋት ነው።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ «ተወው የኔ ልጅ፣ ሚስቱ ናት የምታሳዝነኝ» አሉ። ወጣቱ አርማዋን መልሶ ሰጠኝ፤ እንዲያውም ቦርሳዬን ራሱ ዘጋልኝ።

ሽማግሌው እዚያው ቦታቸው ነበሩ። በቅሎዋም አለች፤ የግላሱ ቀዳዳ እንደ ታወረ ዓይን ያያል። አዲሷን አርማ ሰጠኋቸው። አንዴ አዩአት፤ አውራ ጣታቸውን በጠርዟ ዙሪያ አስኬዱ፤ ልክ እንደ ልብስ ሰፊው።

«ይቺ ከፈፏ ወፍራም ነው። የዚያችኛዋ ልጅ ናት» አሉ።

ስንት ስልክ፣ ስንት ክብሪትና ስንት ውርደት የጨረስሁበትን በአንድ ጣት ጨረሱት። ያኔ ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ያችኛዋን ከየት አገኟት?»

«አጎቴ ነው የሰጠኝ።»

«እሳቸውስ ከየት አመጧት?»

«ከኮርያ።»

ጉልበቴ ራደ። የበቅሎዋን ልጓም ያዝሁ። «ኮርያ ዘምተው ነበር?»

«መዝመቱንስ እንጃ። ኮርያ ነው የሚኖረው። እኔም አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ።»

«ኮርያ ሄደው? በምን?»

«በአውቶቡስ ነዋ። አዲሳባ።»

ኮርያ ሰፈር! እርግጥ ነው ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዘማቾቹ ነው። ግን ኮርያ ሰፈር የኖረ ሁሉ ኮርያ ዘመተ ቢባል፣ ቸርችል ጎዳና ሱቅ ያለው ሁሉ እንግሊዝ ሊሆን ነው። ተስፋዬን በአንዲት ክር አንጠልጥዬ «ሥራቸውስ ምን ነበር?» አልሁ።

«ዘበኛ ነበር።»

«ክብር ዘበኛ?»

ሽማግሌው አሰቡ። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትን አይጨምሩም። «ክብሩንስ እንጃ» አሉ። «ዘበኛ ነበር።»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል። እኔና ሽማግሌው ይህን ተረት በአንድ ጊዜ አስበነው እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለታችንም ግን በቅሎዋን አየናት። እሷ ጆሮዋን አራገበች። ቤቴ ስመለስ ቆርቆሮው ውስጥ ከአርማዋ ጋር ባስቀመጥኋት ብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፍሁት ይህ ነው፦ «7ኛ ክ/ጦር። ጥጥ። ኮርያ ወይም ኮርያ ሰፈር።»

ከዚያ በፊት ግን ቃሌን መፈጸም ነበረብኝ። መርፌና ክር ይዤ ነበር። ሽማግሌው ልጓሙን ያዙ፤ እኔ ተንበርክኬ ልጅቷን አርማ በቀዳዳው ላይ መስፋት ጀመርሁ። ገበያተኛው ከበበን። አንዱ በርበሬውን እንደ ተሸከመ ጠጋ ብሎ «ምን ሆና ነው በቅሎዋ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም አልሆነች» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው። «ሹመት ደርሷት ነው።»